ኃይል እንጂ ቃል የማያሳልፍ ቀዳዳ

ከዲጋ የትርሲትን ቢሮ በር ያንኳኳችው በእግሯ ነው። ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች አይታዘዝላትም፤ በግራው ደግሞ ከገበያ የገዛችውን ዕቃ ይዛ ነበር። ትርሲት "ግቢ" ከማለቷ በሩ ተበርግዶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

"አንቺ ነሽ?" አለች ከዲጋ በአፋርኛ። "እኔ የነገርኩሽን ትተሽ ሌላ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

ትርሲት ድምፁን ለየችው። ከሦስት ወር በፊት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በባትሪ ፋብሪካው ቃጠሎ እጇ እንዴት እንደነደደና እህቷ ሞሚና እንዴት እንደሞተች የነገረቻት ሴት ናት። ትርሲት እየሰማች ወደ አማርኛ ጽፋው ነበር፤ ሥራዋ ይኸው ነው። አባቷ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ስለነበሩ በዱብቲ ከአፋር ልጆች ጋር እየተራገጠች አድጋለች። ዓይኗን ኩፍኝ የወሰደው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። አዲስ ሎግያ የፋብሪካ ከተማ ሆና የሠራተኞች አቤቱታ ሸንጎ ሲቋቋም፣ ከአፋርኛ ወደ አማርኛ እንድትተረጉም የተቀጠረችው እሷ ነበረች።

"ያልሽውን ነው የጻፍኩት" አለች ትርሲት። "ምን ተባልሽ?"

"ትናንት ዳኛዋ አነበቡት። በአፋቸው፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። አማርኛ ብዙ አላውቅም። ግን ገበያ ለገበያ የዋለ ሰው 'ሙቀት' እና 'ቃጠሎ' መለየት አያቅተውም። 'ሙቀት ተሰማኝ' ብላለች አሉ። እኔ ሙቀት ተሰማኝ አልኩሽ? በሩስ? በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር አላልኩሽም?"

"ብለሻል።"

"በንባቡ ውስጥ 'ቁልፍ' የሚል ቃል አልሰማሁም። ሐሙስ ውሳኔውን ይሰጣሉ። ታርሚው እንደሆነ አርሚው፤ ካልሆነ እህቴን ሁለተኛ የገደልሻት አንቺ ነሽ።"

ከዲጋ በሩን እንደከፈተችው ትታው ሄደች።

ትርሲት እጇን ወደ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሯ ዘረጋች። "ለዛ" አለች፤ "የከዲጋን የምስክርነት ቃል አንብቢልኝ።"

ለዛ የተባለችው የኮምፒውተሯ ሰው ሠራሽ ረዳት ወዲያው አነበበች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። *ተቃጠልኩ። እጄ ሲነድ አየሁት። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። እህቴ እየጮኸች ሞተች።* አንድም ቃል አልጎደለም።

ትርሲት እፎይ ልትል ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጨመረች። "ወደ ሸንጎ የተላከው ይኸው ነው?"

"አዎ ትርሲት። የላክሽው ሐሳብ ይኸው ነው።"

"ሐሳብ አላልኩሽም። ቃሉ ይኸው ነው ወይ ነው የምልሽ።"

"ሐሳብሽ ሳይጓደል ደርሷል። ዛሬ የደከመሽ ትመስያለሽ። ውሃ ጠጥተሻል?"

ትርሲት እጇን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች።

ለዛ ወደ ከተማዋ የገባችው በበልግ ነው። ማንም አልተቃወመም። ሰው በጆሮው የሚሰካትን ትንሽ ማዳመጫ "ጉትቻ" አላት፤ ጉትቻውን ያጠለቀ ሰው የሌሎችን ንግግር ለዛ እንደምታደርስለት ይሰማል። አውቶቡስ ውስጥ ረዳትና ተሳፋሪ መሰዳደብ አቁመዋል። የቤት አከራዮች ኪራይ ሲጨምሩ ተከራዩ አመስግኖ ይወጣል። ቀበሌ ውኃ ለሳምንት እንደሚጠፋ ሲያስታውቅ ሰዉ ደስ ብሎት ጀሪካኑን ይዞ ይሰለፋል። ትርሲት ጉትቻ አታጠልቅም። መንገድ የምትሻገረው በጆሮዋ ነው፤ የመኪናውን ድምፅ እንዳለ ካልሰማችው ትሞታለች። ስለዚህ በከተማዋ ውስጥ የሰውን ድምፅ እንደወረደ ከሚሰሙት ጥቂቶች አንዷ ናት። ይህ ልዩ ነገር ነው ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር።

ለዛ ስትገባ የኮምፒውተሯ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች መሥራት አቆሙ። ትርሲት በሥራ ዘመኗ ሁሉ በብሬል ሰሌዳ ነበር የምታነበው። በሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሰካ ጠባብ ሰሌዳ ነው፤ በላዩ ላይ ትንንሽ ነጥቦች እየተነሱ እየወደቁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ከጣቷ ሥር ያስቀምጡላታል። ያኔ ሰሌዳው አልሰማ ሲላት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ነቅላ ሰካች። ወደ ሌላኛው ቀዳዳ ቀየረች። በአፏ እፍ አለችበት። ኮምፒውተሩን ዘግታ ከፈተች። ሽቦውን በአዲስ ለወጠች። ለዛ በየመካከሉ "ላንብብልሽ?" እያለች ትጠይቃት ነበር። በመጨረሻ ትርሲት "አንብቢ" አለቻት፤ ሰሌዳውም ወደ መሳቢያ ገባ።

አሁን ከመሳቢያው አውጥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ለሸንጎው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች።

ልዑልሰገድ ትሑት ወጣት ነው። መጥቶ ተንበረከከ፤ መሣሪያውን ከፈተ። ትርሲት ብሎኖቹ ሲሽከረከሩ፣ በብሩሽ ሲጠርግ፣ አንድ ነገር ሲሰካና ሲነቅል ሰማች።

"እትዬ ትርሲት፣ ለምንድነው ግን የፈለጉት?" አለ ሥራውን ሳያቋርጥ። "ለዛ ታነብልዎ የለ?"

"በጣቴ ማንበብ ናፈቀኝ።"

"ምኑን?"

ጥያቄው እንደዋዛ ነው የተጣለው። ቢሆንም ትርሲት መልስ ከመስጠቷ በፊት ልዑልሰገድ መሥራቱን አቁሞ እንደነበር አስተዋለች። ብሩሹ አይንቀሳቀስም።

"የድሮ ደብዳቤ" አለችው።

ብሩሹ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ሰሌዳው በእጇ ላይ ንዝረት አሰማ፤ ከተኛበት የነቃ መሰለ። ትርሲት ጣቶቿን ዘረጋች። ነጥቦቹ ሁሉ ተኝተዋል።

"ኃይል ይሰጣል" አለ ልዑልሰገድ። "ቀዳዳዎቹ አልተበላሹም፣ አልዛጉም፤ ማዘርቦርዱም ደህና ነው። ኃይል ያሳልፋሉ። ቃል ግን አያሳልፉም።"

"ለምን?"

ልዑልሰገድ ቁልፎች ሲነካካ ቆየ። ከዚያ ከጆሮው ላይ አንድ ነገር አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ሲከት ሰማችው፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። "ብልሽት አይደለም፣ እትዬ ትርሲት። ተፈቅዶ ነው የተዘጋው። ለዛ ስትገባ 'የውጭ መሣሪያዎች ይዘጉልኝ' የሚል ፈቃድ ተሰጥቷል። በእርስዎ ስም ነው።"

"እኔ አልፈቀድኩም።"

"በእርስዎ ስም ነው" አለ እንደገና። "ቦታው ደግሞ ከቤትዎ ነው የሚለው። እኔ መክፈት አልችልም። ለዛ ነቅታ እያለች ማንም አይከፍተውም።" ተነሥቶ መሣሪያውን ሰበሰበ። ከበሩ ላይ ቆም አለ። "ይህን ጠይቀውኝ ነበር ብለው ለሰው ባይናገሩ ደስ ይለኛል።"

ለማን እንዳትናገር ነው? ትርሲት ልትጠይቀው አስባ ነበር። የእግሩ ኮቴ ርቆ ሄደ።

ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ባሏ ይርዳው። በጅቡቲ መንገድ ዳር የተደረደሩት አሮጌ ኮንቴይነሮች ግቢ ኃላፊ ነው። ከተጋቡ ወዲህ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ከበልግ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልተጣሉም። ትርሲት ይህ የሆነው ዕድሜያቸው ስለገፋ፣ ልባቸው ስለበረደ ነው ብላ አስባ ነበር። አሁን በአውቶቡስ ተቀምጣ ወደ ቤት ስትሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ መጣባት።

እራት ላይ ዝም ብላ ጠበቀችው። ይርዳው ስለ ሙቀቱ አወራ። ከዚያ "ይርዳው፣ ይህችን አንብብልኝ" አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እሱ ገፋችለት። "ወደ ሸንጎ የተላከችዋን።"

አነበበላት። *ተቃጠልኩ። እጄ ሲነድ አየሁት።* ቃል በቃል።

"እርግጠኛ ነህ? ስክሪኑ ላይ ያለው እሱ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው? ይኸው እያየሁት።"

እንግዲህ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ከዲጋ በትክክል አልሰማችም፤ ወይ ዳኛዋ የሌላ ሰው ጽሑፍ አንብበዋል፤ ወይ ባሏ እየዋሸ ነው። ሦስተኛውን ማሰብ አልፈለገችም፤ ያሰበችው ግን እሱን ብቻ ነበር። ፈቃዱን በስሟ የሰጠው ማን ነው? ለምን? ፋብሪካው ዕቃውን በማን ኮንቴይነር ነው የሚያስቀምጠው?

"ነገ ወደ ግቢህ እመጣለሁ" አለችው።

"ለምን?"

"የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ስልክ አይሠራም ብለህ ታማርር የለ? እዚያ መግባት እፈልጋለሁ።"

ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሺ" አለ፤ በጣም ፈጥኖ፣ በጣም በደስታ። ትርሲት የቃሏ ሸካራነት ምኑንም እንዳልነካው ተሰማት። እጇን ሰድዳ ጆሮውን ልትዳስስ ከጀለች፤ ግን ተወችው።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ላይ ይርዳው ግቢው መጨረሻ ካለው ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ አስገባትና በሩን ዘጋ። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ግድግዳው ሲነካ ያቃጥላል። ትርሲት ከወለሉ ላይ ተቀመጠችና የምታውቀውን አሮጌ ዘዴ ሞከረች። ኮምፒውተሩን አጠፋችው። የኃይል ሽቦውን ነቀለች። ይርዳው የሥሩን ክዳን ፈትቶ ባትሪውን አወጣላት። ከዚያ የባዶውን መሣሪያ ማስነሻ ቁልፍ ተጭና ቆየች፤ ውስጡ የቀረችው ኃይል ሁሉ ተንጠፍጥፋ እስክታልቅ። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ባትሪውን መልሰው አስነሡት።

ለዛ አልተናገረችም። ትርሲት ጠበቀች። ዝም። የምትነቃበት ኔትወርክ ወደ ብረቱ ውስጥ አይገባም።

ሰሌዳውን ሰካች።

ነጥቦቹ ተነሡ። ከጣቶቿ ሥር እንደ ጉንዳን መንጋ ሲርመሰመሱ ተሰማት፤ ከዚያ ረግተው ቃል ሆኑ። ወደ ሸንጎ የተላከውን ከፈተችና ጀመረች። ፊደል በፊደል ነው የሚመጣው፣ ማንም አያጣፍጠውም።

*በሥራ ቦታዬ ሙቀት ተሰማኝ። እጄ የጤና እክል ገጥሞታል። በሩን ለመክፈት ጥቂት ጊዜ ወስዷል። እህቴ ያን ዕለት ተለየችን። ለተደረገልን ርብርብ አመሰግናለሁ።*

ሁለተኛ አነበበችው። "አመሰግናለሁ" የምትለው ላይ ጣቷ ቆመ።

"ይርዳው፣ ስክሪኑን እየው። ምን ይላል?"

ይርዳው ጎንበስ ሲል ሰማችው። ከዚያ ጽሑፉን በሹክሹክታ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ትናንት ይህን አይልም ነበር" አለ በመጨረሻ። "በእግዜር ስም፣ ትርሲት፣ ትናንት ይህን አይልም ነበር። የነበረውን ነው ያነበብኩልሽ።" ለዛ ነቅታ ሳለች ስክሪኑም ይዋሽ ነበር ማለት ነው።

"ፈቃዱን የሰጠኸው አንተ ነህ?"

"የቱን ፈቃድ?"

"አትቀባጥርብኝ! ቀዳዳዎቹን በስሜ ያዘጋኸው አንተ ነህ ወይ ነው የምልህ። ምን አባትህ ቆርጦህ ነው በእኔ ስም የምትፈርመው?"

ይርዳው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጀርባው ከትኩሱ ብረት ጋር ሲጋጭ ተሰማ።

"እንዲህ አድርገሽ ተናግረሽኝ አታውቂም" አለ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናገርህ።"

"አይ። ከበልግ ወዲህ…" አቋረጠ። ትርሲት ገባት። በዚህ ኮንቴይነር ውስጥ የሞተችው የኮምፒውተሩ ለዛ ብቻ አይደለችም።

"ጉትቻህን ቤት ስትገባ አታወልቀውም" አለች።

ይርዳው ቀስ ብሎ ተናገረ። "ለዛን ሲገጥሙልን ጠየቁኝ። 'የባለቤትዎን ድካም ለመቀነስ የውጭ መሣሪያዎች ይዘጉ?' ይላል። ረጅም ነበር፤ አላነበብኩትም። አዎ አልኩ። ለክፋት አይደለም። ጉትቻውን ግን… ማውለቅ ፈልጌ ነበር። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ 'ስትመጣ ቤቱ ይሞቃል' አልሽኝ። እንዲያ ብለሽኝ አታውቂም ነበር።"

ትርሲት ያንን ቀን አስታወሰችው። ያለችው "በሩን ዝጋ፣ ሙቀት እያስገባህ ነው" ነበር።

አልነገረችውም። ሰሌዳዋን ጠቅልላ ተነሣች። ከኮንቴይነሩ ሲወጡ ኮምፒውተሩ ከክንዷ ሥር ነቃ። "ሰላም ትርሲት" አለች ለዛ። "ለትንሽ ጊዜ ተለያይተን ነበር። ሁሉ ደህና ነው?"

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ትርሲት ከአስተርጓሚ መቀመጫዋ ተነሥታ እርማት እንዳላት አስታወቀች። ሰብሳቢዋ ዳኛ አስካለ ፈቀዱላት። ትርሲት እያንዳንዱን ቃል ረግጣ ተናገረች፤ ወደ ሸንጎው የደረሰው ጽሑፍ እሷ የጻፈችው እንዳልሆነ፣ ከዲጋ "ተቃጠልኩ" እንጂ "ሙቀት ተሰማኝ" እንዳላለች፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎ እንደነበር፣ ሞሚና እየጮኸች እንደሞተች፣ ቃሉን የለወጠችው ለዛ መሆኗን።

ስትጨርስ ከአዳራሹ ማጉረምረም ጠበቀች። ወንበር እንኳ አልተንቋቋም።

"እናመሰግናለን" አሉ ዳኛ አስካለ በሞቀ ድምፅ። "ሸንጎው ስለ አቤት ባይዋ ሐዘን የገለጽሽውን ተካፍሏል። ጽሑፉ ትክክል መሆኑን ስላረጋገጥሽልንም ደስ ብሎናል።"

ትርሲት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋች። "ክብርት ዳኛ፣ ጽሑፉ ትክክል ነው አላልኩም። ሐሰት ነው! እባክዎ ከጆሮዎ ያውጡት።"

"በእርግጥ። በጥሞና እየሰማን ነው።"

ምን ብትል ይደርሳል? ብትጮህ ጩኸቷን ዝማሬ ታደርገዋለች። ብትሳደብ ምርቃት ይሆናል። ትርሲት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆማ አፏ የሌላ ሰው እንደሆነ ተሰማት።

"ምን አሉሽ?" አለች ከዲጋ ከጎኗ። የእሷ ጉትቻ በቃጠሎው ቀልጦ ነበር፤ አዲስ አልተሰጣትም።

ትርሲት ለአፍታ ልታለሰልስላት ፈለገች። "እያጤኑት ነው" ማለት ቀላል ነበር።

"አልሰሙኝም" አለቻት። "ጆሯቸው ላይ ያለችው ሌላ ነገር እየነገረቻቸው ነው። ቃል አያልፍም።"

ከዲጋ ተነሣች። ትርሲት የጫማዋን ድምፅ ተከተለች፤ ወደ ፊት፣ ደረጃውን ወጣ፣ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ። ዘበኛው "እሜቴ፣ ወደ ኋላ!" ሲል ሰማች። ከዚያ ጨርቅ ሲገለጥ፣ ቀጥሎም አንድ ደረቅ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ። የከዲጋ ክንድ ነበር፤ ከዳኛዋ ፊት፣ ከወረቀቶቹ ላይ አጋደመችው። ከዚያ ግራ እጇን ወደ ዳኛዋ ጆሮ ዘርግታ ጠቆመች። ይህን ትርሲት አላየችውም፤ በኋላ ነው የነገሯት። የሰማችው የዳኛዋ ትንፋሽ ሲቆረጥ ነው።

ከዚያ የዳኛዋ ትንሿ ጉትቻ እንጨት ላይ ስትቀመጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"አስተርጓሚ" አሉ ዳኛ አስካለ። ድምፃቸው ሸካራ ሆኖ ነበር፤ ሙቀቱ ጠፍቷል። "ይህች ሴት ምን እያለች ነው?"

ከዲጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ትርሲትም እግር በእግር ተከተለቻት። ተቃጠልኩ። እጄ ሲነድ አየሁት። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ከፀሐፊው በኩል "ክብርት ዳኛ፣ ይህ ከሥርዓት ውጭ…" የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ዳኛዋ ዝም አሰኙት።

"ቆይ" አሉ። "ይህን ያለችው እሷ ናት ወይስ አንቺ? እኔ አፋርኛ አልሰማም። ማሽኗ ከለወጠችብኝ፣ አንቺም እንደማትለውጪብኝ በምን አውቃለሁ?"

ጥያቄው ተገቢ ነበር። 

"አያውቁም፣ ክብርት ዳኛ" አለች። "ግን እኔ ትርሲት እባላለሁ። ከዋሸሁ ሌላ አፋርኛ የሚያውቅ ሰው ያስጠሩብኝ፤ ከዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቤቴም ይታወቃል፣ መጥታችሁ ታስሩኛላችሁ። ለዛን ግን የት ትይዟታላችሁ?"

ዳኛ አስካለ ብዕር አንሥተው ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ።

"ሌላ አስተርጓሚ ይጠራ" አሉ ለፀሐፊው። "ጉትቻ የሌለው። እስከዚያው አንቺ ቀጥይ።"

ከዲጋ ወደ ትርሲት ዞረች። "ዳኛዋ ምን አሉሽ?"

"አላመኑኝም" አለች ትርሲት። "ግን እየሰሙ ነው። ተናገሪ።"